የበረዶ ዘመን ሜዳ ምን ለብሶ ነበር? የ«ዘመናዊ አቻ» ዘዴ ጉልበትና ገደብ

ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቅዝቃዜ ጣራ በነካበት ወቅት፣ የባሕር ወለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ሳይቤሪያና አላስካ በየብስ ተያይዘዋል፤ ስካንዲኔቪያ ሙሉ በሙሉ በበረዶ ግግር ሥር ናት። ከግግሩ በስተደቡብና በስተምሥራቅ ባለው ሰፊ መሬት ላይ ምን ይበቅል እንደነበር ግን እስካሁን ያከራክራል።

አጥንት የሚያጠኑት ሰዎች ማሞት (ጠጉራሙ የጥንት ዝሆን)፣ ጎሽ፣ ፈረስና ሳይጋ የተባለው የሜዳ እንስሳ በመንጋ የሚግጡበት የሳር አገር ነበር ይላሉ። «የማሞት ስቴፕ» (ስቴፕ ደረቅ የሳር ሜዳ ነው) የሚለው ስያሜ የተስፋፋው የአላስካው ተመራማሪ ዴል ገትሪ ይህን ሐሳብ ይዞ ከተነሣ ወዲህ ነው። የአበባ ብናኝ የሚቆጥሩት ደግሞ በሐይቅ ደለል ውስጥ የሚያገኙት ብናኝ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ያን ሁሉ እንስሳ የሚመግብ ለምለም ሜዳ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። ተመራማሪዎቹ ክዊናርና ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1980 ከካናዳ ዩኮን ያቀረቡት መረጃ ለዚህ ወገን ዋና ምሰሶው ነበር፤ የእነሱ ሥዕል ገላጣና ጭር ያለ ቱንድራ፣ ማለትም ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ መሬት ነው።

ሁለቱም ወገኖች ያዩትን በትክክል አይተዋል። ችግሩ ማወዳደሪያው ላይ ነው። የጥንቱን ብናኝ፣ ቀንድ አውጣ ወይም አጥንት ዛሬ ከሚታወቅ ሕያው የዕፅዋት ስብስብ ጋር አመሳስሎ ማንበብ «የዘመናዊ አቻ ዘዴ» ይባላል። ዘዴው ጠንካራ ነው። ይሁንና አቻው በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደማይመሳሰል ለይቶ የማይናገር ጥናት የሚያገኘው ቀድሞ የገመተውን ብቻ ነው።

ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ምሥራቅ?

ቅዝቃዜ ሲባል አእምሮ ወዲያው ወደ አርክቲክ ይሄዳል። ለመካከለኛው አውሮፓ የበረዶ ዘመን ግን አርክቲክ ደካማ አቻ ነው፤ ምክንያቱም ሙቀት እንጂ ፀሐይ አይመሳሰልም። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ የምትገኘው ሞራቪያ በሰሜን ኬክሮስ 49ኛው ዲግሪ አካባቢ ናት። በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 64 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በ70ኛው ዲግሪ ግን ከ44 ዲግሪ አታልፍም። በታኅሣሥ ሞራቪያ ስምንት ሰዓት ያህል ብርሃን ስታገኝ በ70ኛው ዲግሪ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። የምድር የኬክሮስ አቀማመጥ በ21,000 ዓመት ውስጥ ስላልተለወጠ፣ የበረዶ ዘመኗ ሞራቪያ ብርዷ የሰሜን ቢሆንም ፀሐይዋ የደቡብ ነበር። ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት በበጋ ይግላል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ሳርና የአሪቲ ወገን ይበቅልበታል። ወደ ሰሜን የዞረው እርጥበት ይይዛል፣ ከሥሩ ያለው የቀዘቀዘ አፈርም ቶሎ አይቀልጥም። የዛሬው አርክቲክ ረግረጋማ ቱንድራ እንዲህ ያለውን የጎላ ልዩነት ብዙም አያሳይም።

በኬክሮስም በቅዝቃዜም በድርቀትም አንድ ላይ የሚቀርበው መሬት የሚገኘው በደቡብ ሳይቤሪያ፣ በአልታይና በሳያን ተራሮች ነው። በሩሲያ አልታይ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የቹያ ተፋሰስ 50ኛው ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ይገኛል። ዓመታዊ ዝናቡ ከ150 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ የጥር አማካይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ከሸለቆው ወለል ደረቅ ስቴፕ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በዞሩት ተዳፋት የላርች ዛፍ፣ በእርጥብ ቦታ ድንክ በርች፣ ከላይ ደግሞ ኮብሬዢያ የተባለችው ጠንካራ የቀጤማ ዘመድ የምትሸፍነው የተራራ ቱንድራ አለ። ይህ ሁሉ በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ ነው።

የብርኖው የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሚላን ኺትሪና ሚካል ሆርሳክ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት የሠሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ፔትር ኩኔሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሳይቤሪያ የተሰበሰቡ የዛሬ ናሙናዎችን ከምሥራቅ መካከለኛው አውሮፓ የበረዶ ዘመን ብናኝ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የምዕራብ ካርፓቲያን ተራሮች ሳይቤሪያን የሚመስል ጫካ እንደነበራቸው፣ ዝቅ ያለው ደረቅ ሜዳ ግን ወደ ስቴፕና ቱንድራ ቅይጥ እንደሚያዘነብል አሳዩ። «ዛፍ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይቀርብም፤ ዛሬ የሚያስኬደው «የትኛው ተዳፋት ላይ?» ማለት ነው።

ከመስክ እስከ ማይክሮስኮፕ

የመስኩ ሥራ በ10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ይጀምራል። በውስጡ ያለው ዕፅዋት በሙሉ በዝርያ ይመዘገባል፤ እያንዳንዱ የሚሸፍነው መሬት በመቶኛ ይገመታል፤ የተዳፋቱ አቅጣጫና ቁልቁለት፣ የአፈሩ ጥልቀትና አሲዳማነት ይያዛል። ከዚያ ብናኝ የያዘው ሞስ (መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅለው ለስላሳ ትንሽ ተክል) ከቦታው ውስጥ ከተለያዩ ነጥቦች እየተቆነጠረ በአንድ ከረጢት ይደባለቃል። እዚህ ላይ የሚሠራ የተለመደ ስህተት አለ፦ አረንጓዴውን የላይኛውን ጫፍ ብቻ መቁረጥ። ሞስ የጥቂት ዓመታት ብናኝ ያከማቻል፤ ከሥር ያለው ቡናማው ክፍል ከተጣለ ግን የቀረው ያለፈው ወቅት ብቻ ነው። የበርችና የፓይን ዛፎች በአንዱ ዓመት በገፍ፣ በሌላው በቁጠባ ስለሚያብቡ፣ ያ ናሙና የሚናገረው ስለ መሬቱ ሳይሆን ስለ አንድ ጥሩ ዓመት ነው። ደረቅ ስቴፕ ላይ ደግሞ ሞስ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የላይኛው አንድ ሴንቲሜትር አፈር በምትኩ ይወሰዳል፤ ሆኖም በአፈር ውስጥ ቀጭን ቆዳ ያለው ብናኝ ቶሎ ስለሚበሰብስ፣ የሞስና የአፈር ናሙናዎች ያለ ምንም ማስታወሻ በአንድ ሰንጠረዥ መግባት የለባቸውም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረገው ሁሉ የተመሠረተው የብናኝ ውጫዊ ቆዳ ከስፖሮፖለኒን የተሠራ በመሆኑ ነው፤ ሌላውን የሚያቀልጡት ኬሚካሎች ይህን አይነኩትም። በመጀመሪያ ቁጥራቸው የታወቀ የላይኮፖዲየም (የፈርን ዘመድ የሆነ ተክል) ዘረ ብናኞች የያዘ እንክብል ይጨመራል። ቀጥሎ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራውን ያወጣል (እንክብሉ ራሱም እዚህ ላይ አረፋ ስለሚያነሳ ቀስ እያሉ መጨመር ነው)፣ 10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ብስባሹን ይፈታል፣ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አሸዋና ሸክላውን ያቀልጣል። በመጨረሻ ዘጠኝ እጅ አሴቲክ አንሃይድራይድና አንድ እጅ ሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ ሴሉሎስን ያጠፋል። ይህ ድብልቅ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ናሙናው ቀድሞ በንጹሕ አሴቲክ አሲድ ታጥቦ ውኃው መውጣት ያለበት ለዚህ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድማ ቆዳ አልፎ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ ያለ አየር መምጠጫ ሳጥንና ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት አይነካም። እንክብሉን ከነዚህ ደረጃዎች በኋላ መጨመር ሌላው ጥፋት ነው፤ በመንገድ የጠፋው ብናኝ በሒሳቡ ውስጥ አይታይም።

ቆጠራው በ400 እጥፍ ማጉያ ይካሄዳል፤ በአንድ ናሙና ከ300 እስከ 500 ብናኝ የተለመደ ነው። እዚህ ዘዴው የመጀመሪያ ግድግዳውን ይገጥመዋል። የዱር ሳር ብናኝ በተለመደው ማይክሮስኮፕ በዝርያ አይለይም። የአሪቲ ወገን በወገን ስሙ፣ የአመድማዶ ዘመዶች በቤተሰብ፣ ቀጤማዎችም በቤተሰብ ደረጃ ብቻ ይቆጠራሉ። መስክ ላይ በአንድ ቦታ በዝርያ ተለይቶ የተመዘገበው ረጅም ዝርዝር ማይክሮስኮፕ ሥር በጥቂት ስሞች ይጠቀለላል። «ሳር 40 በመቶ» የሚል ውጤት ከደረቅ ስቴፕም፣ ከእርጥብ ሜዳም፣ ከሐይቅ ዳር ሸምበቆም ሊመጣ ይችላል።

ርቀቱ ሲሰላ

ሁለት የብናኝ ዝርዝሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚለካው በአብዛኛው «ካሬ የኮርድ ርቀት» በሚባል ስሌት ነው፤ ኦቨርፔክ፣ ዌብና ፕሬንቲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ካነጻጸሯቸው መለኪያዎች ውስጥ ተመራጭ ሆኖ የወጣው ይህ ነው። እያንዳንዱ ድርሻ ሥር ካሬው ይወሰዳል፣ የሁለቱ ልዩነት በራሱ ይባዛል፣ የሁሉም ይደመራል። ውጤቱ ከ0 (ፍጹም አንድ) እስከ 2 (ምንም የማይጋሩ) ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። የጥንቱ ናሙና ሳር 49፣ አሪቲ 25፣ ቀጤማ 16፣ ፓይን 9፣ የአመድማዶ ወገን 1 በመቶ ነው እንበል። የዛሬው ሳር 64፣ አሪቲ 16፣ ቀጤማ 16፣ ፓይን 4 በመቶ ሲሆን የአመድማዶ ወገን የለበትም። ሥር ካሬዎቹ ለመጀመሪያው 0.7፣ 0.5፣ 0.4፣ 0.3 እና 0.1፤ ለሁለተኛው 0.8፣ 0.4፣ 0.4፣ 0.2 እና 0 ናቸው። ከቀጤማ በቀር እያንዳንዱ ልዩነት 0.1፣ ካሬውም 0.01 ነው፤ ድምሩ 0.04 ይሆናል። በጣም ቅርብ አቻ ነው።

ነገር ግን ከድምሩ ይልቅ ዝርዝሩ ይበልጥ ያስተምራል። ሳር ከ49 ወደ 64 መዝለሉ ያመጣው ርቀት፣ የአመድማዶ ወገን ከ1 ወደ 0 በመውረዱ ከመጣው ጋር እኩል ነው። ሥር ካሬው ለጥቃቅኖቹ ድምፅ ይሰጣቸዋል፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ከ300 ውስጥ 1 በመቶ ማለት ግን ሦስት ብናኝ ነው። ሦስት ብናኝ በስህተት ቢሰየም ወይም ከጥንታዊ አለት ታጥቦ የገባ ቢሆን፣ የ15 ነጥብ የሳር ለውጥ ያህል ውጤቱን ያንቀሳቅሳል። ጥቂት ሳምንት የሠራ ቆጣሪና ሃያ ዓመት የሠራ ቆጣሪ ያዘጋጇቸውን መዝገቦች በአንድ ቋት መቀላቀል ስለዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ከዚህ በላይ ከሆነ አቻ የለም» የሚባልበት ወሰንም እንዲሁ አይገኝም። ለምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 0.15 ነው፤ ለሌላ አገር ያንኑ ቁጥር መቅዳት ግን አያስኬድም። ዛፍ በበዛበት አካባቢ የብናኙ ዓይነቶች ጥርት ብለው ይለያያሉ፤ በስቴፕና በቱንድራ ደግሞ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ሜዳዎች የሳር፣ የአሪቲና የቀጤማ ዝርዝራቸው ተቀራርቦ ሊገኝ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ከራሱ ከዛሬው መዝገብ ውስጥ ዕፅዋታቸው አንድ የሆኑና ያልሆኑ ጥንዶችን ርቀት አስልቶ፣ ሁለቱን በደንብ የሚለየውን ቁጥር መምረጥ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ከጎረቤት የሚመጣ ነው። የዘዴው ብቃት ሲፈተን አንድ የዛሬ ናሙና ተነጥሎ የቦታው የአየር ንብረት በቀሩት እንዲተነበይ ይደረጋል። የቅርብ ጎረቤቱ በ2 ኪሎሜትር ርቀት ላይ ካለ ግን ፈተናው መልሱን ይዞ እንደ መግባት ነው። ቴልፎርድና በርክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ይህ ስህተቱን አሳንሶ እንደሚያሳይ አስረድተዋል። መፍትሔው በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ አብሮ ማውጣት ነው። በተጨማሪም አምስት ምርጥ አቻዎች ተመርጠው የአየር ንብረታቸው አማካይ ሲወሰድ፣ አምስቱ በካርታ ላይ የት እንዳሉ ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ ከአልታይ፣ አንዱ ከቲቤት፣ ሁለቱ ከካዛክስታን ከመጡ አማካዩ የትም የሌለ የአየር ንብረት ነው።

የስፋት ጉዳይም አለ። ሞስ የሚይዘው በአብዛኛው በአሥሮችና በመቶዎች ሜትር ውስጥ ያለውን ነው፤ ሰፊ ሐይቅ ከአሥሮች ኪሎሜትር ይሰበስባል። የጥንቱ ማስረጃ የሐይቅ ደለል ከሆነ የሚነጻጸረው ከሐይቅ የላይኛው ደለል ጋር መሆን ይገባዋል። የአልታይ ሸለቆ ቅይጥ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሲገናኝ ሜዳም ጫካም የማይመስል ነገር ይወጣል፤ ይህን ከአንድ ሞስ ጋር ማስተያየት «አቻ የለውም» የሚል የሐሰት ውጤት ይወልዳል።

ጥቂት ብናኝ ማለት ጥቂት ሳር ማለት ነው?

ፓይን በአየር ከረጢት የሚንሳፈፍ ብናኝ በገፍ ይረጫል፤ በመቶ ኪሎሜትር ርቀት ላይ ይገኛል። ላርች ግን ከባድና ቶሎ የሚበሰብስ ብናኝ ከዛፉ ሥር ይጥላል። በአልታይ ላርች የበዛበት ጫካ ውስጥ ሳይቀር ብናኙ አነስተኛ ድርሻ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በበረዶ ዘመን ደለል ውስጥ 30 በመቶ ፓይን ምንም ዛፍ ላይነግረን፣ 2 በመቶ ላርች ደግሞ ጫካ ሊነግረን ይችላል። ለዚህ ነው ከሰል ትልቅ ዋጋ የሚሰጠው፦ በሞራቪያው ዶልኒ ቬስቶኒሴ ጥንታዊ ሰፈር ምድጃዎች የተገኘው የሾጣጣ ዛፎች ከሰል በነፋስ የመጣ አይደለም።

መቶኛ ብቻውን ሌላም ያታልላል። በአካባቢው ያለው ዕፅዋት ጥቂት ብናኝ ሲያመርት ከሩቅ የመጣው ፓይን ድርሻው ያድጋል፤ ፓይኑ ግን አልጨመረም። የላይኮፖዲየሙ እንክብል ጥቅም እዚህ ላይ ነው። 10,000 ዘረ ብናኝ ያለው እንክብል በ1 ኩብ ሴንቲሜትር ደለል ላይ ተጨምሮ፣ 300 የጥንት ብናኝና 150 ላይኮፖዲየም ቢቆጠር፣ በኩብ ሴንቲሜትር 20,000 ብናኝ አለ ማለት ነው። ደለሉ በዓመት ግማሽ ሚሊሜትር የሚከማች ከሆነ በየካሬ ሴንቲሜትሩ በዓመት 1,000 ብናኝ ወርዷል። ይህ ስሌት የደለሉ ዕድሜ በራዲዮካርቦን በደንብ ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

በዩኮን ክርክሩን ያስነሳው ይህ ዓመታዊ ብናኝ ዝቅተኛ መሆኑ ነበር። ቪለርስሌቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአርክቲክ ደለል ያወጡት ጥንታዊ ዲኤንኤ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አበራው። የመሬቱ ሽፋን በሳር ብቻ የተያዘ አልነበረም፤ አበባማ ቅጠላ ቅጠል ትልቁን ድርሻ ይዞ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ብናኛቸውን በነፍሳት ስለሚያመላልሱ ወደ አየር የሚለቁት ጥቂት ነው። ሳሩም ቢሆን በመንጋ እየተጋጠ ለማበብ ዕድል ካላገኘ ብናኝ አያወጣም። ጥቂት ብናኝ ያለበት ደለልና ብዙ አጥንት ያለበት መሬት እንግዲህ አይጋጩም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ማስረጃ ግን በአላስካ ሱወርድ ባሕረ ገብ መሬት የተገኘው ነው። ከ21,000 ዓመት ገደማ በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመዱን ነሰነሰበት፤ መሬቱም በዚያው ቀዝቅዞ ቀረ። ከአመዱ ሥር ዕፅዋቱ ከነሥራቸው በቆሙበት ተገኝተዋል፦ ኮብሬዢያ፣ ሞስ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ መሬት ለመሬት የሚሳብ አኻያ። እዚህ ላይ ብናኝ ማስላትም ሆነ ነፋስን መጠርጠር አያስፈልግም።

ቀንድ አውጣም ምስክርነቱ ከባድ ነው። ነፋስ ባከማቸው ኖራማ አፈር ውስጥ ቅርፊቱ ሳይበሰብስ ይቆያል። ከአውሮፓ ቅሪት ብቻ ይታወቅ የነበረውና ጠፍቷል የተባለው ፑፒላ ሎሲካ በማዕከላዊ እስያና በአልታይ በሕይወት ተገኝቷል፤ አብረውት የበረዶ ዘመን ጓደኞቹ ቫሎኒያ ቴኑይላብሪስና ኮሉሜላ ኮሉሜላ አሉ። አጥቢ እንስሳትን ያነጻጸረ ጥናትም የአልታይና ሳያን አካባቢ የዛሬ ስብስብ ለበረዶ ዘመኑ ቅርብ ሆኖ አግኝቶታል። ብናኝ፣ ቀንድ አውጣና አጥቢ እንስሳ እርስ በርሳቸው የስህተት ምንጭ አይጋሩም፤ ሦስቱ ወደ አንድ ቦታ ሲጠቁሙ ነው ልብ የሚሞላው።

አቻ የለሾቹ

ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ «የቅርቡን» ይሰጣል፤ «የለም» ብሎ አያውቅም። ከ17,000 እስከ 12,000 ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ የስፕሩስ ዛፍ ከአሽና ከሆርንቢም ዛፎች ጋር አብሮ በብዛት ይበቅል ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ጫካ የለም፤ ርቀቱም ከየትኛውም የዛሬ ናሙና ከወሰኑ ያልፋል። ጆን ዊሊያምስና ስቲቨን ጃክሰን ይህን ያያያዙት ዛሬ ከሌለ የወቅቶች ልዩነት ጋር ነው። ኢንዲያና ውስጥ ያለው አፕልማን ሐይቅ ደግሞ ሌላ ተዋናይ አመጣ፦ በእንስሳት እበት ላይ የሚበቅለው የስፖሮርሚየላ ፈንገስ ከ14,800 እስከ 13,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ አሽቆለቆለ፤ አቻ የለሹ ጫካ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የእሳት ከሰልም ጨመረ። ትልልቆቹ እንስሳት ሲመናመኑ የሚበሏቸው ሰፋፊ ቅጠል ዛፎች ተለቀቁ ማለት ነው። በእኔ ግምት የርቀት ቁጥሩ ከፍ ማለቱ የዘዴው ውድቀት ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው። ከጥናቱ ውጤቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ሊሆን ይችላል።

አልታይም ቢሆን በአንድ ነገር ፈጽሞ አቻ አይሆንም። በበረዶ ዘመኑ ጣራ በአየር ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 190 እጅ አይበልጥም ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ነው። ካርቦን ሲያንስ ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች አብዝቶ ይከፍታል፤ ለአንድ ግራም ካርቦን የሚያጣው ውኃም ይጨምራል። ያኔ 300 ሚሊሜትር ዝናብ እያገኘ ስቴፕ የነበረ መሬት፣ ዛሬ በዚያው ዝናብ ዛፍ ሊያበቅል ይችላል። የአቻ ዘዴው ይህን አያይም፤ ዕፅዋቱ የውኃ እጥረት ስላሳዩ ብቻ አየሩ ከእውነቱ ይበልጥ ደረቅ ነበር ይላል። የአልታይ ከፍታ ያካክሰዋል የሚል ክርክር አለ፤ ቁጥሩ ግን አይደግፈውም። በ2,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 79 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 420ው ወደ 330 ይወርዳል። ከ190 ጋር ገና ሩቅ ነው።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አይደለም። በኬንያ ተራራ ላይ ያለው ሴክረድ ሌክ የተባለ ሐይቅ ደለል የካርቦን አይሶቶፕ (ክብደታቸው የሚለያይ የካርቦን አቶሞች ምጣኔ)፣ በበረዶ ዘመኑ ዛሬ ጫካ ባለበት ከፍታ ዝቅተኛ ካርቦን የሚስማማቸው ሳሮች ተስፋፍተው እንደነበር ያሳያል። በተዘጋ የማብቀያ ክፍል ውስጥ በሚሊዮን 150 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደገው አቡቲሎን የተባለ ተክል እምቡጡን ሳያፈካ ጥሏል፤ በዚያው አየር የአሉማው ዘመድ አማራንተስ ብዙም አልተጎዳም። በሙቀትም በዝናብም ምንም ሳይለወጥ አንዱ ተክል ከመሬቱ ሊጠፋ፣ ሌላው ሊወርሰው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከአቻ የተገኘ የእርጥበት ግምት በፎቶሲንተሲስ ስሌት ወደ 190 እጅ ታርሞ መቅረብ አለበት፤ ያልታረመው ከጎኑ ይቀመጥ።

መለኪያው ራሱም ቆሞ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1960 የተለቀመ ሞስ በሚሊዮን 317 እጅ አየር ውስጥ ያደጉ ዕፅዋትን ብናኝ ይዟል፤ በ2020 የተለቀመው ደግሞ የ414 እጅ አየር ነው። በመካከሉ በብዙ ቱንድራ ቁጥቋጦ ተስፋፍቷል፣ የግጦሽ ጫናም በየቦታው ተለዋውጧል። በትልልቆቹ የዛሬ ብናኝ መዝገቦች ውስጥ ግን ሁለቱ ናሙናዎች «ዘመናዊ» በሚል አንድ ስም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አዲስ ናሙና የሚያስገባ ሰው ከኬክሮሱና ከከፍታው ጋር የተለቀመበትን ዓመት፣ ወሩንና የግጦሹን ሁኔታ መጻፍ አለበት፤ የዚህ መረጃ የሌላቸው የቆዩ ናሙናዎችም ርቀቱ ሲሰላ ተለይተው መታየት ይኖርባቸዋል።